«አይ»ን የት ልድገመው፣ የት ልተወው? ስለ ራስ በእንግሊዝኛ ሲወራ ሐሳብን ከሐሳብ ማያያዝ

«ትናንት ከሥራ ወጥቼ፣ ሱቅ ጎራ ብዬ፣ ወተት ገዝቼ ቤቴ ገባሁ።» እዚህ ውስጥ «እኔ» የሚል ቃል የለም፤ ግን ማን እንደወጣ፣ ማን እንደገዛ የሚጠይቅ የለም። «ወጥቼ» ላይ ያለችው «ቼ»፣ «ብዬ» ላይ ያለችው «ዬ»፣ «ገባሁ» ላይ ያለችው «ሁ» ባለቤቱን ተሸክመውታል። እንግሊዝኛው «ዌንት» ግን ባዶ ነው። እኔም ብሄድ፣ አንቺም ብትሄጂ፣ እነሱም ቢሄዱ ያው «ዌንት» ነው። ስለዚህ «አይ» (የእንግሊዝኛው «እኔ») ከግሡ ውጭ ትቆማለች፣ ተናጋሪውም በየመጋጠሚያው ላይ አንድ ውሳኔ አለበት፦ ልድገማት ወይስ ልተዋት?

ያንኑ ነገር አንድ አሜሪካዊ ሲያወራው እንዲህ ይመጣል፦ «አይ ሌፍት ወርክ፣ ስቶፕድ ባይ ዘ ስቶር፣ ጋት ሰም ሚልክ፣ ኤንድ ዌንት ሆም።» ግሦቹ አራት ናቸው፣ እንደ አማርኛው። «አይ» አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ኤንድ»ም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመጨረሻው ግሥ በፊት። ብዙ ሐበሻ ይህንን ሲናገር ሁለት ነገር ይስተዋልበታል። አንዱ በየግሡ «ኤንድ አይ፣ ኤንድ አይ፣ ኤንድ አይ» ማለት ነው፤ ሰዋስዉ አልተበላሸም፣ ግን ሕፃን ልጅ ውሎውን ሲናገር ይመስላል። ሁለተኛው «ሃቪንግ ፊኒሽድ ማይ ወርክ» ብሎ መጀመር ነው። ይህ ቅርጽ ክፍል ውስጥ የ«ጨርሼ» አቻ ተደርጎ ስለተሰጠ አእምሮ ውስጥ ተቀምጧል። ትክክል ነው፣ ግን የጽሑፍ ነው። ካፌ ውስጥ፣ ስልክ ላይ፣ ከጎረቤት ጋር ማንም አይለውም።

1. ከመናገራችሁ በፊት ግሦቹን ቁጠሩ

አማርኛውን በአእምሯችሁ ያዙና ለየግሡ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «አመመኝ»፣ «ጨነቀኝ» በአማርኛ ሰውየውን ተቀባይ ነው የሚያደርጉት፣ እንግሊዝኛ ውስጥ ግን ወደ «አይ» ይዞራሉ። «ራበኝና ሳንድዊች ገዛሁ» የሚለው «አይ ጋት ሀንግሪ ኤንድ ባት ኧ ሳንድዊች» ይሆናል። ሁለቱም ግሦች አሁን የ«አይ» ናቸው፣ ስለዚህ አንዷ «አይ» ሁለቱን ትይዛለች። «ኢት» ብሎ መጀመር የሚመጣው «ራበኝ» ውስጥ የተደበቀውን «እሱ» ፍለጋ ነው፤ አትፈልጉት።

2. ባለቤቱ አንድ ከሆነና ድርጊቱ ከተከታተለ፣ አንድ «አይ» ይበቃል

ደንቡ ቀላል ነው፣ ስሕተቱ ግን ብዙ ነው። በጣም የሚሰማው «አይ ዌንት ሆም፣ ኢት፣ ኤንድ ስሊፕ» ነው። ምክንያቱ ከአማርኛ የመጣ ነው። «ገብቼ በልቼ ተኛሁ» ስንል ጊዜውን የሚናገረው የመጨረሻው ግሥ ብቻ ነው፤ «ገብቼ በልቼ እተኛለሁ» ብንል «ገብቼ» እና «በልቼ» አይለወጡም። ስለዚህ ጆሯችን አንድ ግሥ ጊዜን ካሳየ ሌሎቹ ነፃ ናቸው ብሎ ለምዷል። እንግሊዝኛ ውስጥ የምትቀረው «አይ» ናት እንጂ ጊዜው አይቀርም። ሁሉም ግሥ የኃላፊ ጊዜውን መልበስ አለበት፦ «ዌንት፣ ኤት፣ ስሌፕት»።

ረዳት ግሥ ሲኖር ነገሩ ይገለበጣል፤ ረዳቱ አንዴ ይጠራና ለቀሩት ሁሉ ይሠራል። «አይል ኮል ዘም ኤንድ አስክ» ሲባል ሁለተኛው «ዊል» አያስፈልግም፣ «አስክ»ም ሳይለወጥ ይቀመጣል። «አይ ወዝ ሲቲንግ ዜር ኤንድ ዌይቲንግ» ሲባል «ወዝ» ሁለቱንም «ኢንግ» ይዞ ይሄዳል። «አይቭ ዋሽድ ኤንድ ፎልድድ ኤቭሪሲንግ» ላይም እንደዚያው። የግሡ ቅርጽ ሲቀየር ግን ረዳቱ መሸከሙን ያቆማል። ያኔ «አይ»ን መልሶ መጥራት ይሻላል፦ «አይ ወዝ ሲቲንግ ዜር ኤንድ አይ ሄርድ ኧ ኖይዝ።»

በዚህ ዓይነት ሰንሰለት ውስጥ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይናገራል። «አይ ጋት ሲክ ኤንድ ክዊት ማይ ጃብ» ያለ ሰው ታሞ ሥራ ለቀቀ፤ «አይ ክዊት ማይ ጃብ ኤንድ ጋት ሲክ» ያለ ሰው ሥራ ከለቀቀ በኋላ ታመመ። ተመራማሪዎቹ ዊልያም ላቦቭ እና ጆሹዋ ዋሌትስኪ እ.ኤ.አ. በ1967 ሰዎች የደረሰባቸውን ሲተርኩ እንዴት እንደሚያወሩ ሲያጠኑ የያዙት ዋና ነጥብ ይኸው ነበር፦ የዓረፍተ ነገሮቹ ተራ የድርጊቶቹ ተራ ነው፣ ሲቀያየር ታሪኩ ይቀየራል። ስለዚህ በየመሐሉ «አፍተር ዛት» መጨመር አያስፈልግም። «ኤንድ» ብቻውን «ከዚያ» ማለት ይችላል።

3. አያያዡን እዩ፣ ፈቃዱን የሚሰጠው እሱ ነው

ትምህርት ቤት ሰባት አያያዦች ይጠናሉ፤ በወሬ ውስጥ የሚሠሩት «ኤንድ»፣ «በት»፣ «ኦር» እና «ሶ» ናቸው። «ፎር»፣ «ኖር» እና «የት» በአፍ ብዙም አይሰሙም።

ከ«ኤንድ»፣ ከ«በት» እና ከ«ኦር» በኋላ «አይ» ልትቀር ትችላለች። «አይ ኮልድ በት ዲድንት ጌት ኤን አንሰር» ንጹሕ እንግሊዝኛ ነው። ከ«ቢኮዝ»፣ ከ«ዌን»፣ ከ«ኢፍ» እና ከ«ኦልዞ» (although) በኋላ ግን ጊዜ የለበሰ ግሥ ከተከተለ መቅረት አትችልም። «አይ ሌፍት ኧርሊ ቢኮዝ ወዝ ሲክ» የሚለው ተሰብሯል፤ «ቢኮዝ አይ ወዝ ሲክ» መባል አለበት። አማርኛው «ስላመመኝ» አንድ ቃል ውስጥ ሁሉን ስለጨረሰ ነው ይህ ስሕተት የሚደጋገመው። «ሶ»ን በተመለከተ፣ በስልክ መልእክት ላይ አንዳንዶች «ሶ ዌንት ሆም» ብለው ይጽፋሉ፤ ለሚማር ሰው ግን «ሶ አይ» ብሎ መያዝ ሁልጊዜ ያዋጣል። «ዋይል» እና «ቢፎር» ለየት ይላሉ፦ «አይ» ከቀረች ግሡ «ኢንግ» መያዝ አለበት። «ቢፎር አይ ሌፍት» ወይም «ቢፎር ሊቪንግ»፣ ከሁለቱ አንዱ።

አንድ መጋጠሚያ ላይ አንድ አያያዥ ብቻ ይቀመጣል። «ቢደክመኝም ግን ሄድኩ» ስለምንል «ኦልዞ አይ ወዝ ታየርድ፣ በት አይ ዌንት» ይመጣል። እንግሊዝኛ ሁለቱን አብሮ አይሸከምም። በወሬ ደግሞ «ኦልዞ» ከናካቴው ቀርቶ «አይ ወዝ ታየርድ፣ በት አይ ዌንት ኤኒዌይ» ይባላል። ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤኒዌይ» ናት የ«ቢ…ም»ን ስሜት የምትሰጠው። «ቢኮዝ» ብሎ ጀምሮ «ሶ» መጨመርም ያው ነው።

«ስደርስ እደውላለሁ» ሲባል፣ «ዌን አይ ዊል ጌት ዜር» አይባልም። ከ«ዌን» እና ከ«ኢፍ» በኋላ ስለ ወደፊት ቢሆንም ግሡ የአሁን ጊዜ ነው፦ «አይል ኮል ዩ ዌን አይ ጌት ዜር።» እዚህ ላይ ተራውንም ልብ በሉ። አማርኛ ምክንያቱንና ጊዜውን ያስቀድማል፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ያሳርፋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ዋናውን መጀመሪያ ይጠብቃል። አለቃ ዘንድ ሲደወል «ልጄ ታሞብኝ፣ ሌሊቱን ስላልተኛሁ፣ ሐኪም ቤት ልወስደው ስለሆነ…» እያለ የሚሄድ ሰው፣ አድማጩ «ታዲያ ምን ላድርግ?» እያለ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። «አይ ካንት ካም ኢን ቱዴይ፣ ከዝ ማይ ሰን ኢዝ ሲክ ኤንድ አይ ሃቭ ቱ ቴክ ሂም ቱ ዘ ዶክተር» ማለት ይሻላል፤ መቅረቱ መጀመሪያ፣ ምክንያቱ ቀጥሎ («ከዝ» የ«ቢኮዝ» አጭር ነው)።

4. መተው እየተቻለም መድገም የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው፣ መሐል ላይ ሌላ ሰው ሲገባ ነው። «እህቴ ጋ ደወልኩ፣ አላነሳችም፣ መልእክት ተውኩላት» ስንል «ተውኩ» ላይ ያለችው «ኩ» ታድነናለች። «አይ ኮልድ ማይ ሲስተር፣ ሺ ዲድንት ፒክ አፕ፣ ኤንድ ሌፍት ኧ ሜሴጅ» ብንል ግን መልእክቱን የተወችው እህቲቱ ሆነች፣ ምክንያቱም ባዶ ግሥ ሁልጊዜ የሚይዘው በቅርብ ያለፈውን ባለቤት ነው። «ሶ አይ ሌፍት ኧ ሜሴጅ» ሲባል ይስተካከላል።

ሁለተኛው፣ ጊዜው ሲዘል ነው፦ «አይ ሙቭድ ሂር ኢን 2019፣ ኤንድ አይቭ ቢን ድራይቪንግ ኤቨር ሲንስ።» ያለፈና እስካሁን የቀጠለ ነገር ባንድ «አይ» ሲታሰር ይጎረብጣል።

ሦስተኛው በሐኪም ፊት ይበልጥ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው እንዲመዘን ሲፈለግ «አይ» ትደገማለች፦ «አይ ካንት ስሊፕ፣ አይ ካንት ኢት፣ ኤንድ አይ ጌት ዲዚ ዌን አይ ስታንድ አፕ።» ሦስት ሕመም፣ ለየሕመሙ የራሱ «አይ» (አራተኛዋ የ«ዌን» ናት)። እዚህ ቦታ ማሳጠር ጉዳት አለው፤ የተድበሰበሰ ምልክት ይመስላል፣ ሐኪሙም አንዱን ብቻ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ቅሬታ ስታቀርቡም እንዲሁ ድገሟት።

በጽሑፍ ላይ ነጠላ ሰረዟ ይህንኑ ትከተላለች። ከ«ኤንድ» በኋላ «አይ» ከተደገመች ከ«ኤንድ» በፊት ነጠላ ሰረዝ ይደረጋል፤ ግሦቹ ሁለት ሆነው «አይ» ካልተደገመች አይደረግም።

5. አሉታ ሲመጣ ቀስ በሉ

ከሁሉም በላይ ትርጉም የሚያፋልሰው ይህ ነው። «አልበላሁም፣ አልጠጣሁም» ስንል አሉታው በየግሡ ላይ አለ። እንግሊዝኛ «ዲድንት»ን አንዴ ብቻ ብሎ ለሁለተኛው ሲያወርስ አያያዡ «ኦር» ነው፦ «አይ ዲድንት ኢት ኦር ድሪንክ።» ሁለተኛው ግሥ ጊዜውን አይለብስም፣ ምክንያቱም «ዲድንት» ገና እየሠራ ነው።

አሁን ሁለት ቃል ብቻ ቀይሩ፦ «አይ ዲድንት ኢት ኤንድ ድራንክ።» የሰማው ሰው «አልበላሁም፣ ጠጣሁ» ብሎ ይረዳል። የደም ምርመራ ወይም ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ነርሷ ምግብም መጠጥም እንዳልወሰዳችሁ ስትጠይቅ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ቀጠሮውን ሊያዘዋውር ይችላል። መልሱ «ኖ፣ አይ ሃቨንት ሃድ ኤኒሲንግ ቱ ኢት ኦር ድሪንክ ሲንስ ላስት ናይት» ነው። ከ«ኦር» ጋር መተማመን ካልቻላችሁ ሁለት ጊዜ ተናገሩት፦ «አይ ዲድንት ኢት፣ ኤንድ አይ ዲድንት ድሪንክ።» ይረዝማል፣ አይሳሳትም።

«ሳልበላ ተኛሁ» የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ «ዊዛውት» ይመጣል፣ ግሡም «ኢንግ» ይይዛል፦ «አይ ዌንት ቱ ቤድ ዊዛውት ኢቲንግ።» «ሳልደውል መጣሁ» ለሚለውም «አይ ኬም ዊዛውት ኮሊንግ» ነው። እንዲህ «ሳ…» ያለበትን አሉታ ብዙውን ጊዜ በዚህ ቅርጽ መውሰድ ይቻላል።

6. አማርኛው ላይ ያለችውን ቅርጽ ይዛችሁ ሂዱ

ቃል በቃል ሳይሆን ቅርጽ በቅርጽ ሲሆን ንግግሩ ይፈስሳል። በጣም የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው።

«ሄጄ ላምጣው» ለሚለው «አይል ጎ ጌት ኢት» ይባላል፤ አሜሪካኖች አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ ላይ «ኤንድ» አይጨምሩም፣ እንግሊዞች «ጎ ኤንድ ጌት» ማለትን ይመርጣሉ። ግን «ኤንድ» የሚቀረው ሁለቱም ግሦች ባልተለወጠ ቅርጻቸው ሲሆኑ ብቻ ነው። ያለፈ ከሆነ «አይ ዌንት ኤንድ ጋት ኢት»። «አይ ዌንት ጋት ኢት» አይባልም።

«ልደውልልሽ ነበር፣ እንቅልፍ ወሰደኝ» የሚለው የይቅርታ አነጋገር «አይ ወዝ ገና ኮል ዩ፣ በት አይ ፌል አስሊፕ» ነው። የ«ል…ነበር» አቻ «ወዝ ገና» ነው («ገና» የ«ጎይንግ ቱ» የወሬ አጠራር ናት)፣ ብዙውን ጊዜም «በት» ይከተለዋል። ይህቺን አንድ ቅርጽ የያዘ ሰው በየሳምንቱ ይጠቀምባታል።

«እያዳመጥኩ ነዳሁ» ቀላል ነው፤ አያያዥም «አይ»ም አይፈልግም፦ «አይ ድሮቭ ሆም ሊስኒንግ ቱ ዘ ራዲዮ።»

አስቸጋሪዋ «ብዬ» ናት፤ አማርኛ ውስጥ ሦስት ሥራ ትሠራለች። በግምት ስትመጣ («ይዘንባል ብዬ ጃንጥላ ያዝኩ»፣ «ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅኩ») እንግሊዝኛው ሁለት ቁራጭ ይሆንና በ«ሶ» ይያዛል፦ «አይ ሶት ኢት ወዝ ገና ሬይን፣ ሶ አይ ብሮት አን አምብሬላ።» ሁለተኛው «አይ» አይቀርም። በዓላማ ስትመጣ («ላይህ ብዬ መጣሁ») በጣም ታጥራለች፦ «አይ ኬም ቱ ሲ ዩ።» ሦስተኛው፣ ለራስ የተባለ ነገር ነው። «በቃ ብዬ ወጣሁ» የሚለውን ወጣቶች «አይ ወዝ ላይክ፣ ‹ዛትስ ኢት›፣ ኤንድ አይ ሌፍት» ይሉታል። «አይ ወዝ ላይክ» ቃል በቃል የተባለውን ብቻ ሳይሆን የተሰማቸውንም ይይዛል፣ እንደ «ብዬ» ማለት ነው። ከጓደኛ ጋር ያምራል፤ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ አይሆንም፣ እዚያ «አይ ሴድ» ወይም «አይ ዲሳይድድ» በሉ።

«አልችልም ብዬ አስባለሁ» ከማለት «የምችል አይመስለኝም» ማለት እንደሚቀናን ሁሉ፣ እንግሊዝኛም አሉታውን ወደ መጀመሪያው ግሥ ያመጣል፦ «አይ ዶንት ሲንክ አይ ካን።» እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ይገናኛሉ፣ ተጠቀሙበት። መሐሉ ላይ «ዛት» አትጨምሩ፤ በአፍ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም።

7. ጆሮ፦ «አይ» ቀርታ ነው ወይስ ተጣብቃ?

ብዙ ሰው «አሜሪካኖች ‹አይ›ን ይውጧታል» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ አልዋጧትም፤ ከአያያዡ ጋር ተጣብቃ ጅራት ሆናለች። «ኤንድ አይ» ሲፈጥን «ድ» ይወድቅና «አናይ» ይሆናል። «ሶ አይ» መሐሉ ላይ ቀጭን «ው» ይዞ «ሶዋይ» ይሆናል። «ከዝ አይ» «ከዛይ»፣ «ዌን አይ» «ዌናይ»፣ «ኢፍ አይ» «ኢፋይ»፣ «ኤንድ ዘን አይ» «አንዘናይ» ይሆናሉ። «በት አይ» አሜሪካ ውስጥ «በራይ» ይመስላል፤ በሁለት አናባቢ መሐል የገባ «ት» ምላሱ አንዴ ብቻ ስለሚነካ ከአማርኛ ላላ ያለ «ር» ጋር ይመሳሰላል። ለእኛ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፣ ድምፁ አፋችን ላይ አለ።

ጉልበቱ አያያዡ ላይም «አይ» ላይም አያርፍም፣ ግሡ ላይ ነው። «ሶዋይ *ዌንት*፣ አናይ *አስክድ*፣ በራይ *ዲድንት* ጌት ኢት።» «አይ»ን ጠበቅ አድርጎ መናገር «እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለም» የማለት ስሜት ይሰጣል፤ ሳይፈልጉት ክርክር ይመስላል።

8. ከመጀመሪያ ላይ መጣል

በአጭር መልእክት ውስጥ «ካንት ሜክ ኢት። ስታክ አት ወርክ» ወይም «ራኒንግ ሌት» የሚሉ አሉ። በ«ስታክ» እና በ«ራኒንግ» ላይ «አይ» ብቻ ሳትሆን «አም»ም አብራ ወድቃለች። ይህ የሚፈቀደው በዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው፤ «ኢፍ ካንት ሜክ ኢት» ብሎ ነገር የለም። «ዋንት»ን ግን ባዶውን አታስጀምሩት፤ «ዋንት ኮፊ?» ሲባል «ትፈልጋለህ?» ነው የሚሆነው። ለአለቃ ወይም ለትምህርት ቤት ሲጻፍ «አይ»ን መልሱ።

9. ልምምዱ

ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃውን ክፈቱና ትናንት ያደረጋችሁትን ለ1 ደቂቃ በአማርኛ ተናገሩ። አዳምጡና ግሦቹን ጻፉ፤ 10 ወይም 12 ይሆናሉ። በየግሡ መሐል ያለውን መጋጠሚያ አንድ በአንድ ምልክት አድርጉበት፦ ሌላ ሰው ገብቷል? ጊዜው ዘሏል? አሉታ አለ? አንዱም ከሌለ «አይ»ን ሰርዙና እስከ አራት ግሥ ድረስ ባንድ «ኤንድ» እሰሩ። ከአራት በላይ ከሆነ ቁረጡና በአዲስ «አይ» ወይም በ«ኤንድ ዘን አይ» ጀምሩ፤ አድማጭም ትንፋሽ ይፈልጋል።

ከዚያ ወረቀቱን ሳታዩ በእንግሊዝኛ ቅዱት። መልሳችሁ ስትሰሙ ሁለት ነገር ብቻ ፈልጉ። አንደኛ፣ «አይ» የቀረችበት ግሥ የኃላፊ ጊዜውን ለብሷል ወይ? ሁለተኛ፣ ከ«ቢኮዝ»፣ ከ«ዌን» እና ከ«ኢፍ» በኋላ «አይ» አለች ወይ? ሌላውን ስሕተት ለዛሬ ተዉት። በማግስቱ የዚያኑ ቀን ውሎ እንደገና ቅዱ፣ አሁን ግን አያያዦቹን «አናይ»፣ «ሶዋይ»፣ «በራይ» እያላችሁ፣ ድምፃችሁን ግሡ ላይ ብቻ ከፍ አድርጉ። ሦስተኛ ቀን ላይ እህታችሁን ወይም አለቃችሁን ታሪኩ ውስጥ አስገቡና ከእነሱ ግሥ ቀጥሎ «አይ» መመለሷን አረጋግጡ።